ያላየሁት ወፍ

ማርች 29፣ ቅዳሜ። ጠዋት 7:20። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጋሼ ቤት

ምንም የለም። ነፋስ ብቻ። የስኳር ውኃው ጠርሙስ በረንዳው ላይ ይወዛወዛል። ሁለት ድንቢጦች ከሥር መሬቱን ይጭራሉ፤ እነሱ አይቆጠሩም። ሻዬ ቀዝቅዟል።

ጋሼ ፈቃደ ከጀርባዬ ተቀምጠዋል። በየአምስት ደቂቃው፦ መጣ? አልመጣም። ደግሞ፦ መጣ?

ሀሚንግበርድ ነው የምንጠብቀው። አውራ ጣቴን የማያክል ወፍ። ክረምቱን ሜክሲኮና ከዚያ ወዲያ ከርሞ፣ ጸደይ ሲሆን ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ይወጣል። መጀመሪያ ወንዶቹ፣ ቆየት ብለው ሴቶቹ። በየከተማው ያለ ሰው መጀመሪያ ያየበትን ቀን ኢንተርኔት ላይ ያስገባል፤ ካርታው ላይ ነጥብ ይወጣለታል። ጋሼ በመጣሁ ቁጥር ነጥቦቹን ያስነብቡኛል። ወፎቹ ዛሬ ሳውዝ ካሮላይናን አልፈዋል። ጋሼ ደስ አላቸው፤ ዘመዱ አውሮፕላን ላይ ያለ ሰው ይመስላሉ።

የእናቴ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ልጅ የላቸውም። መዝገባቸው ላይ አሥራ ዘጠኝ ጸደይ አለ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ። ዘንድሮ ሃያኛው ነው። ዘንድሮ ግን የዓይናቸው መሐል ጠፋ። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ ፊት ለፊት የተመለከቱት ነገር ይጨልምባቸዋል። ስለዚህ ሰኞና ቅዳሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ። «ዓይኔ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ሌላውን ቀን በጆሯቸው ይጠብቃሉ። የክንፉ ድምፅ እንደ ንብ ነው ይላሉ።

ለአንተ ለደብተሬ እውነቱን ልንገርህ። ዓይናቸው ዛሬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስልኳ ላይ ሶፋ ስትመርጥ ነበር።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት። አሌክሳንድሪያ፣ መ/ቤት

የዓይን ክሊኒኩ ኮል አደረገልኝ። ጋሼ የሰኞውን መርፌ ሰርዘዋል። ያለፈውን ወርም ሰርዘው ነበር፤ እኔ አላውቅም። መርፌው በየወሩ ነው፣ ዓይን ውስጥ። ካቋረጡት ዳር ዳሩም ይሄዳል። ጸሐፊዋ ፎርሙ ላይ የእኔን ቁጥር አግኝታ ነው። እኔም የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የበሽተኛ ዘመድ ሲቆጣ የምሰማው እኔ ነኝ። ዛሬ ተቆጪዋ ዘመድ ሆንኩ። ምስኪን ልጅ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ወፉ ይምጣና እሄዳለሁ አሉ። መቼ ነው የሚመጣው? እሱ ያውቃል። ዓይንዎ እኮ ነው ጋሼ! ፀዲዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠዋት አምልጦኝ አያውቅም፣ አሉ። ቀጠሮው ጠዋት ነው፤ ሄጄ ሳለሁ ቢመጣስ?

ዘጋሁት። ጆሯቸው ላይ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ 11 ሰዓት ሄርንደን ቤቢ ሻወር አለብኝ። ልትወልድ የደረሰችው ድሮ አብራኝ የሠራች ልጅ ናት። ከዚያ በፊት ፀጉር። ከዚያ በፊት ሲ/ስፕሪንግ። ለእኔ የሚሆን አንድ ቅዳሜ የለም በዚህ አገር?

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ። 11:40። ሄርንደን፣ መኪና ውስጥ

ዋሸሁ።

ለ7 ነበር ቃሌ፤ የደረስኩት 8:20። ደመና። ካፊያ። ጋሼ በረንዳው በር ላይ ቆመዋል፣ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ በዳር ዓይናቸው ጠርሙሱን እየፈለጉ።  ሳይነጋ ጀምሮ እንደቆሙ ናቸው። ቁርስ አልቀመሱም። አስቀመጥኳቸው። አጥሚት አሞቅኩላቸው። መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ፦ 9:05። ደግሞ አየሁ።

«ጋሼ! መጣ!»

አፌ ነው ያለው። ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ብድግ ሲሉ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። የቱ ጋ? ጠርሙሱ ላይ? አሁን አለ? ሄደ ጋሼ፣ ጠጥቶ ሄደ አልኩ። እየዳሰሱ መጥተው ሁለት እጄን ያዙ። ግንባሬን ሳሙኝ። እንባ ነበራቸው። ጻፊ አሉ፤ 9:12፣ ደመና፣ ቀላል ዝናብ። መዝገቡ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ ገባ። ኢንተርኔቱም ላይ በእኔ ጣት፣ በእሳቸው ስም። ነጥቡ ወጣ። ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ፣ ወደ ሰሜን፣ ብቻውን።

«እንግዲህ ሰኞ እወጋለሁ» አሉ። «መልሰሽ ደውይላቸው።»

አየህ? ለዓይናቸው ብዬ ነው። ማንም በእኔ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ልግባ። ስጦታው እግሬ ሥር ነው። ሰዎቹ ፊኛ እያሰሩ ነው።

ኤፕሪል 7፣ ሰኞ። 9:30። የዓይን ክሊኒክ

ተወጉ። ሐኪሙ በጊዜ ነው የመጣችሁት አለ። በጊዜ! ይኼን ያዝልኝ፣ ደብተር፤ ሰው ሲከሰኝ ታወጣልኛለህ።

ተራ ስንጠብቅ ጥያቄ በጥያቄ ላይ። ወንድ ነበር አይደል? ወንድ። ጉሮሮውስ? ቀይ ነው ጋሼ፣ እሳት የመሰለ። ጋሼ ግን፦ ብርሃን ካላገኘው ጥቁር ነው የሚመስለው፤ ደመና አልነበረም እንዴ? ለአፍታ ገለጥ ብሎ ነበር አልኩ። አዎ፣ ኤፕሪል እንዲህ ነው አሉና ራሳቸው አመኑልኝ። ለአንድ ውሸት ፀሐይ አወጣሁ።

ነርሷን አስቁመው ነገሯት። የእህቴ ልጅ ናት ያየችው፣ በዚህ አካባቢ ከሁሉም ቀድማ። ነርሷ ኮንግራጁሌሽንስ አለችኝ። ቴንኪው አልኩ።

ሁዳዴ ነው። ወተት አልነካሁም፣ ቅቤ አልነካሁም። በአፌ የገባውን ጠበቅኩ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ። 7 ከምሽቱ። ሲ/ስፕሪንግ

ከሥራ ስወጣ ጋሼ ኮል አደረጉ፤ አሁኑኑ ነይ። ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። የመሰለኝ ወድቀዋል፣ ወይ ዓይናቸው ደምቷል። ደብዳቤ ነው።

ካረን የምትባል ሴት አለች። በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ከዚህ አካባቢ የሚላኩትን ቀኖች አይታ የምታጸድቀው እሷ ናት። ጋሼ በአካል አግኝተዋት አያውቁም፣ በኢሜይል ብቻ። ጽፋላቸዋለች። ስልካቸው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። በጣም ጨዋ ነው አጻጻፏ። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ቀኑ እጅግ ቀደመ፤ ከእርስዎ የሚቀርበው ነጥብ ገና ታች ደቡብ ነው። ፎቶ ይኖራል? ምናልባት ትልቅ የእሳት እራት ይሆን?

ጋሼ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። እንደቆሙ ናቸው። የእሳት እራት! ዓይኔ ስለጠፋ አእምሮዬም የጠፋ መሰላት? ተቀመጪ፣ ጻፊ።

በእንግሊዝኛ አስጻፉኝ፣ ቀስ እያሉ፣ ላብራቶሪ ሪፖርት እንደሚያስጽፉ። ሠላሳ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ስሠራ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ጸደይ አንዱንም ቀን በግምት አልሞላሁም። ጻፍኩ። ዘንድሮ ዓይኔ ስለደከመ ያየችው የእህቴ ልጅ ናት። ጻፍኩ።  ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የማትዋሽ ሰው ናት። ስለ እሷ ቃል የምሰጠው ስለ ራሴ እንደምሰጠው ነው። ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት ጋሼ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንደዚህ ያሳፈረኝ ነገር የለም። ምንም አልተንቀጠቀጠም። የማትዋሽ የሚለውን ቃል በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጌ አነበብኩት። ላኪው አሉ። ላክሁት።

ስለ እኔ ቃል ሲሰጡ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። የፊተኛው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ወረቀቴን ሲያስጨርሱልኝ። ሥራ አስፈቅደው፣ ከረባት አስረው፣ ኢሚግሬሽን ቀርበው ስለ እኔ መሰከሩ። ያን ቀን ስለ እኔ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር።

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ። መ/ቤት፣ በሁለት በሽተኛ መሐል

ካረን መለሰች። ይቅርታ ጠይቃለች! ስለ ተጠራጠርኩ ይቅርታ፤ ቀኑን አጽድቄዋለሁ። ጋሼ ሁለቴ ደወሉ። እንዲህ ነው ሰው፣ ሲሳሳት ይቅርታ የሚል፣ አሉ።

አዎ ጋሼ። እንዲህ ነው ሰው።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ። 8:00። ሲ/ስፕሪንግ

ዛሬ በሰዓቱ ደረስኩ። 6:55። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ ገባሁ። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

ምንም የለም። ጋሼ «መጣ?» ብለው አይጠይቁም አሁን፤ «ተመለሰ?» ነው የሚሉት። ያልገባቸው ነገር አለ። ወንዱ ምግብ ካገኘ ቦታውን ይይዛል፣ ሌላ እንዳይደርስበት ሲያባርር ይውላል እንጂ ጥሎ አይሄድም። የእኛው የት ሄደ? ድመት ይዞት ይሆን? የጎረቤትን ድመት ይጠረጥራሉ። ምስኪን ድመት።

ደብተር፣ ያለፈው ቅዳሜ ለት የጻፍኩትን አነበብኩ። ለዓይናቸው ብዬ ነው ብያለሁ። አይደለም። ያኔ «ጋሼ! መጣ!» ስል መርፌው ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የሄርንደን መንገድ፣ የቤልትዌዩ ትራፊክ ነው። ከመጣ ቀድሜ እወጣለሁ፣ ደግሞም ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ይቀርልኛል። ይኼው ነው። መርፌውን እሳቸው ሲያነሱት ነው እኔም የተደገፍኩበት። ጻፍኩት። እንደ ደብዳቤው ቀላል አይደለም።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ። 6 ከምሽቱ። ቤት

ብርድ ይመለሳል አለ ዜናው። ነገ ንጋት ላይ ውርጭ። ጋሼ ደወሉ። የስኳር ውኃው በረዶ ይሆናል፤ ወፉ ደግሞ ሌሊቱን ደንዝዞ አድሮ ሲነቃ ወዲያው ካልጠጣ ይሞታል። ሳይነጋ የሞቀ ጠርሙስ አወጣለታለሁ አሉ።

ተዉት ጋሼ። በጨለማ እንዴት ተደርጎ?

«እንዴት እተወዋለሁ? ይኼን ሁሉ መንገድ መጥቶ?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ልጄ ኤደን ሳሎን ነበረች፣ ምንም የከለከለኝ የለም። ሹራብ ይልበሱ አልኩ።

ኤፕሪል 16፣ ረቡዕ። 9:15። ሆስፒታል

ወድቀዋል።

ሊነጋ ሲል በጓሮው በኩል የበረንዳው ደረጃ ላይ። ውርጭ ይዞት ነበር ደረጃውን። የሞቀውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው አቅፈው ስለነበር መደገፊያውን አልያዙም። ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ጎረቤት ነው ያገኛቸው። ምን ያህል እንደተኙ አያውቁም፤ ግማሽ ሰዓት ይሆናል ይላሉ። በፒጃማና በሹራብ። ሹራቡን ለብሰዋል፤ እኔ ያልኳቸውን።

ግራ እጃቸው ከአንጓው ተሰብሯል። ቅንድባቸው ላይ አራት ስፌት። ሊያሞቋቸው ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውላቸዋል። ስገባ በድምፄ አወቁኝ። መጀመሪያ ያሉት፦ ጠርሙሱ ተሰበረ እንዴ?

ኤደን ከትምህርቷ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ በአማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ለምን በዚያ ሰዓት ወጡ ብላ ጠየቀችኝ። ለወፉ አልኩ። የትኛው ወፍ? አንቺ ያየሽው? ጄሶ የሚያደርግላቸው ሰውዬ ገባ፤ ተረፍኩ። ተረፍኩ ብዬ መጻፌን ተመልከት።

ኤፕሪል 18፣ ዓርብ፣ ስቅለት። 5 ከሰዓት በኋላ። ሲ/ስፕሪንግ

ከረቡዕ ጀምሮ እሳቸው ቤት ነኝ። ዛሬ ኤደንን አስቀምጬላቸው ቤ/ክ ሄድኩ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ላይ ቆዳው ተላጠ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ያለቅሳሉ፤ እኔ እንባ የለኝም። ለንስሐ አባቴ ለመንገር ተሰለፍኩ፣ ከሰልፉ ወጣሁ። ለእሳቸው መንገር ቀላል ነው። እሳቸውን አልዋሸሁም።

ነገ ለጋሼ እነግራለሁ። ቁርስ ከበሉ በኋላ። ወይም ከፋሲካ በኋላ።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ። 10:00። ሲ/ስፕሪንግ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

7:40። ፀሐይ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ፣ የተሰበረው እጅ ትራስ ላይ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ። እየጠበቅኩ አልነበረም። ጠርሙሱ አጠገብ የሆነ ነገር መጣ። አየር ላይ ቆመ። ክንፉ አይታይም፣ ጭስ ነው የሚመስለው። ጉሮሮው ጥቁር። ጠጣ፣ ወደ ኋላ አለ፣ ደግሞ ጠጣ። ዞር ሲል ፀሐዩ አገኘውና ጉሮሮው ቦግ አለ።

እጄ ሳሙና ውስጥ ቀረ። ይኼን ነው እንዴ የዋሸሁት? እኔ ከዋሸሁት ያምር ነበር።

ከዚያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። ዳንኩ ብዬ አሰብኩ። ተመለሰ ማለት ብቻ ነው። ከብርዱ ተርፎ ተመለሰ። የእሳቸው መውደቅ ከንቱ አይሆንም፣ ደብዳቤው ልክ ይሆናል፣ ካረን ደስ ይላታል፣ ማንም አይጎዳም። አንድ ቃል።

«ጋሼ።»

«እ?»

«ወፉ መጥቷል።»

ቀና አሉ። ፊታቸው በራ። «ተረፈ? ያ ብርድ አልገደለውም?»

ውኃው ይፈሳል። ዘጋሁት።

«አልተረፈም ጋሼ። ከመጀመሪያውም አልነበረም። አሁን ገና ነው የመጣው። ያን ቅዳሜ ምንም አላየሁም።»

ወፉ አሁንም ይጠጣል። ክንፉ ይሰማል፤ እውነትም እንደ ንብ። እሳቸውም ሰምተውታል፣ ጆሯቸውን ወደዚያ አዙረዋል። እስኪሄድ አዳመጡት።

«ምንም?»

«ምንም። ቸኩዬ ነበር። ሄርንደን ቀጠሮ ነበረኝ።»

መርፌውን አላነሳሁም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

 በደህናው እጃቸው የጄሶውን ጠርዝ ዳሰሱ።

«እጄ ይድናል» አሉ። «እኔን ግን ደብዳቤ አስጻፍሽኝ። ቁጭ ብለሽ። በስሜ።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ የተላጠው ጉልበቴ አቃጠለኝ። ተነሺ አሉ። ቁጣ አይደለም፤ የደከማቸው ነው የሚመስለው። ተነሳሁ። ሰዓቱ ስንት ነበር? 7:43። ወንድ ነው? ወንድ። ጻፊ። የፊተኛውን እንዳትቀድጂው፣ እንዳትፍቂውም፤ አንድ መስመር አስምሪበትና ቀኑንና ስምሽን አድርጊበት። ላብራቶሪ እንደዚያ ነው። የተሳሳተው ይታያል፣ ማን እንደተሳሳተም ይታያል።

አሰመርኩ። ፀዳለ ብዬ ጻፍኩ። ፀዲዬ አላሉኝም ከዚያ ወዲህ።

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ። ቤት

ኤደን ሄዳ አመጣቻቸው። ዶሮውን ትንሽ ቀመሱ። እንኳን አደረሰሽ አሉኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን። ሌላ የለም። ለኤደን ወጥ ቤት ውስጥ ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። «ኦ፣ ማም» ብቻ አለች። ከዚያ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሥጋውን ቆረጠችላቸው።

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት። መኪና ውስጥ

ካረን ጋ ደወልኩ። እኔው ራሴ። ኢሜይል ይቀል ነበር።

አልተቆጣችም። አመሰገነችኝ፣ ነጥቡን አነሳዋለሁ አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ የሌሎቹን ዓመታትስ ማን ነበር የሚያየው? እሳቸው ናቸው፣ በገዛ ዓይናቸው አልኩ። አምንሻለሁ፣ ግን ከዚህ በኋላ ማመን ብቻ አይበቃኝም፣ አለች። እሑድ ጠዋት የወፉን ቀን የሚመዘግቡት ሁሉ አሌክሳንድሪያ መናፈሻ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እዚያ ተነጋግረው እስኪወስኑ አሥራ ዘጠኙም ዓመት የጥያቄ ምልክት ይደረግበታል።

አሥራ ዘጠኙም።

አንድ ቅዳሜ ሰረቅኩ ብዬ ነበር። ከዘንድሮው ጋር ሃያ ዓመት ነው የወሰድኩት።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ። 6:30 ከምሽቱ። ሲ/ስፕሪንግ

ነገርኳቸው። እጄን አጣምሬ፣ ቆሜ። ይሰበራሉ ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። አንድ የተበላሸ ናሙና ከተገኘ ሁሉም እንደገና ይታያል። ደንቡ ነው።»

«የእርስዎ እኮ ንጹሕ ነው ጋሼ!»

«እኔና አንቺ እናውቃለን። እሷ በምን ታውቃለች?»

ይኼን ሲሉ አልተቆጡም። ሴትዮዋን ትክክል ናት ብለው ተቀበሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲሰድቡ የቀረበ ሰውን ነው የሚሰድቡት።

ስወጣ ደግሞ፦ ቅዳሜ ኤደን ትምጣ፤ ተነጋግረናል። የምትጠብቀው እሷ ናት ከእንግዲህ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሥራዬን ተነጠቅሁ፤ ስጠላው የነበረውን ሥራ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ስቅለት ለት ያጣሁት እንባ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ። 2 ከሰዓት በኋላ። ቤት

ዛሬ ቅዳሜዬ ነው። ሙሉ ቅዳሜ። ማንም አልጠራኝም። ልብስ አጠብኩ። ኤደን ከሲ/ስፕሪንግ ቴክስት አደረገች፤ ሦስቴ መጣ፣ አንዴ ሴት ነች፣ ጋሼ ሁለቱን በድምፅ ለይተዋል። ከሥሩ የልብ ምልክት አላት። ሃያ ጊዜ አነበብኩት።

ወስኛለሁ። ነገ እሄዳለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ፊት ቆሜ ውሸቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ እናገራለሁ። መዝገቡንም ይዤ እሄዳለሁ፣ ጋሼ ከፈቀዱ፤ አሥራ ዘጠኙን ገጽ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ ሃያኛውን በእኔ። ልዩነቱን ይዩት።

ደወልኩላቸው። መዝገቡን ውሰጂ አሉ። ትንሽ ቆይተው፦ እኔም እመጣለሁ።

«እርስዎ ምንም መናገር የለብዎትም ጋሼ።»

«ለመናገር አይደለም። ልሰማሽ ነው የምመጣው።»

ኤፕሪል 27፣ እሑድ። 9:50። አሌክሳንድሪያ፣ የመናፈሻው መኪና ማቆሚያ

አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ሃያ ያህል ሰው ነው። አብዛኞቹ ሽማግሎች፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ የሚታጠፍ ወንበር የያዙ። አንዷ ሴት ወረቀት ታድላለች፤ ካረን መሆን አለባት። አይታን እጇን አውለበለበች። ማን እንደሆንን አታውቅም።

  ኤደን መሪው ላይ ናት። እኔ ልናገርልሽ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ ከእኔ እንደምትሻል ሁለታችንም እናውቃለን። አይሆንም አልኳት። በገዛ አፌ ነው የዋሸሁት። የጻፍኩትን አርማልኝ ነበር፤ እርማቱን ትቼዋለሁ። ስሜ ፀዳለ ነው፤ ወፉን አላየሁም፤ አየሁ አልኩ፤ አጎቴ አያውቁም ነበር። አራት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ መዝገቡን እሰጣለሁ። ቢያምኑኝም ባያምኑኝም እዚያው እቆማለሁ፣ የጠየቁኝን ሁሉ እስክመልስ።

ጋሼ ከኋላ ናቸው። ከረባት አስረዋል። በአንድ እጅ እንዴት እንዳሰሩት አላውቅም፤ ኤደን ናት መሰለኝ። ፊታቸው አይነበብም። በሩን ከፈቱ። መውረድ ጀመሩ፣ እኔን ሳይጠብቁ፣ በእግራቸው መሬቱን እየፈለጉ። ልዝጋህ፣ ደብተር፤ ክንዳቸውን ልያዝ።